ያው እንደምታዩኝ

ትናንት ስብሰባው ላይ ለምን ተነስቼ እንደወጣሁ ጠይቀሽኝ ነበር። ራሴን አመመኝ አልኩሽ። አላመመኝም። ግድግዳው ላይ ይታይ የነበረው ቪዲዮ ድንገት ጠቆረና ድምፁ ብቻ ቀጠለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንዱ «ለሬዲዮ ነው እንዴ የጠራችሁን?» አለ፤ አንቺም ሳቅሽ። እኔ ግን ተነስቼ ወጣሁ። ከጥቁር መስታወት ውስጥ ሰው ሲናገር በሰማሁ ቁጥር በካውያ የተተኮሰ ሱፍ ይሸተኛል፤ እርጥብና ትኩስ፣ ልክ የአባቴ ሱቅ ውስጥ እንደነበረው። ይኸን ያህል ዓመት አልፎም አልለቀቀኝም። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ላንቺ ልንገርሽ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ ከቅመም ነጋዴዎቹ ጎን ነበረች። ጠባብ ናት፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከዚያ በኋላ ለሰው የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው። ነፋስ ሲነሳ የጎረቤቱ የእርድ ብናኝ እየገባ ነጭ ጨርቅ ስለሚያበላሽብን ነጭ ነገር በር በር በኩል አናስቀምጥም ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ገብታ ጠረጴዛው ላይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያክሉ ብርሃኖችን ትበትናለች። አባቴ መኪናውን እየረገጠ ሲሰፋ እግሩ ከዝናብ የማያንስ የማያቋርጥ ድምፅ ያወጣ ነበር። እኔ በዚያ ድምፅ ውስጥ ነው ያደግሁት።

ወንድሜ ከእኔ በአምስት ዓመት ይበልጣል። ጨርቅ ቆራጭ ነበር፤ ቆራጭ ስልሽ ደግሞ በተራው ሁሉ የታወቀ። ሌላው ሰው በጠመኔ አስምሮ፣ ለክቶ፣ ደግሞ ለክቶ በሚቆርጥበት ጊዜ እሱ ጨርቁን በመዳፉ አንድ ጊዜ ዳበስ አድርጎ መቀሱን ይለቀዋል። «ይህ ልጅ እጁ ዓይን አለው» ይል ነበር አባቴ፤ ለሰው ነው የሚለው እንጂ ለራሱ ለልጁ አንድም ቀን ብሎት አያውቅም።

የተጣሉት በዚያው በሥራው ነው። በዚያን ጊዜ የተሰፋ ልብስ ከውጭ በገፍ መግባት ጀምሮ ነበር። ወንድሜ አንድ ቀን መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «አባዬ፣ ከእንግዲህ ማን ልብስ ያሰፋል? ዕቃው የሚመጣው ከወደብ ነው፤ እኔም ወደዚያው ልሂድ» አለው። አባቴ ደነገጠ መሰለኝ። የደነገጠ ሰው ደግሞ አንዳንዴ እንደተቆጣ ይናገራል። «እኔን ካሳደገኝ ሥራ አንተ ትበልጣለህ ማለት ነው?» አለው። ቃል ቃልን ወለደ። ወንድሜ በሳምንቱ አባቴ ለሶላት በሄደበት ሰዓት ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣ። ምርቃት ሳይቀበል፣ ጉልበት ሳይስም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሱቁ ውስጥ ስሙ አልተነሳም። መቀሱ ግን ከተሰቀለበት ሚስማር አልወረደም፤ አባቴ በሌላ መቀስ ነበር የሚቆርጠው።

ኮምፒውተሯ የመጣችው ወንድሜ ከሄደ በኋላ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ሦስት ወር ኮምፒውተር ተምሬ፣ ሰርተፊኬቴን በፍሬም አድርጌ ስመጣ አባቴ ከሶማሌ ተራ አንዲት ያገለገለች ማሽን ገዛልኝ። ቀለሟ ወደ ቢጫ የሄደ፣ የማሳያዋ ጀርባ እንደ እርጉዝ ያበጠ፣ ስትነሳ እንደ ወፍጮ የምትጮህ። ሱቁ ጥግ ላይ አስቀመጥናት። አባቴ ከኮት ገበር የተረፈ ጥቁር ሐር ጨርቅ ቆርጦ፣ ጠርዙን ዘምዝሞ፣ ከአቧራ የሚከላከል ልብስ ሰፋላት። ነጋዴዎች ደብዳቤና ማመልከቻ እያመጡ እተይብላቸው ነበር። ደንበኛ በመጣ ቁጥር አባቴ ራሱን ወደ እኔ ነቅነቅ አድርጎ «ልጄ ይህን ነገር ከአናቱ እስከ እግሩ ታውቀዋለች» ይላል።

አላውቀውም ነበር። መተየብና ማተም ነበር የማውቀው። ከዚያ ያለፈ ነገር ሲገጥመኝ ዝም ብዬ አጥፍቼ አስነሳታለሁ። ግን እንደዚያ እየኮራብኝ እንዴት ብዬ ልንገረው?

አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ፀሐይ ያከሰለው፣ ሸሚዙ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት፣ በዕድሜ ከወንድሜ ትንሽ ከፍ የሚል። ወደ ወደብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በጋዜጣ የተጠቀለለ ሲዲ ለእናቴ ሰጣት።

«የልጃችሁ መልእክት ነው» አለ። «ጋላፊ ነው ያለው፤ ድንበሩ ላይ።»

እናቴ ሲዲውን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ያዘችው። «ደህና ነው? ልጄ ደህና ነው?»

ሾፌሩ ወደ መሬት አየ። «በሕይወት አለ፤ አልሐምዱሊላህ። ሌላውን እሱ ራሱ ይነግራችኋል፤ እኔ ምንም እንዳልናገር አስምሎኛል። ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ።»

አባቴ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ሁለት መስመር ለመጻፍ ሰነፈ?» አለ። ሾፌሩ ማክሰኞ ወደዚያው እንደሚመለስና መልስ ካለን እንደሚያደርስ ነግሮን ሄደ።

ሲዲውን ከተትኩት። ማሽኗ አጓራች፤ አንድ መስኮት ተከፈተ። ጥቁር ነው። ከመስኮቱ ሥር አንድ መልእክት በእንግሊዝኛ መጣ፤ የጎደለ ነገር እንዳለ ይናገራል፤ ምን እንደጎደለ ግን አልገባኝም። እንዳያዩብኝ ብዬ ቶሎ ዘጋሁት። ወዲያው የወንድሜ ድምፅ ወጣ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። እማዬ፣ አባዬ፣ እህቴ። እንዴት ናችሁ?»

እናቴ እልል ልትል ነበር፤ አፏን በነጠላዋ አፈነችው። አባቴ መኪናውን መርገጡን አላቋረጠም። እኔ ጥቁሩ መስኮት ላይ አፈጠጥኩ። አንዴ ጫን አደረግሁት፤ ደግሞ ጫን አደረግሁት፤ ምንም የለም።

«ምስሉስ?» አለችኝ እናቴ። «ፊቱ አይታይም?»

«ምስል የለውም» አልኩ። «ድምፅ ብቻ ነው የቀዳው።»

በቃ፤ ይህችን ነው ያልኩት። ለምን እንዳልኩ ልንገርሽ፤ አባቴ «ከአናቱ እስከ እግሩ ታውቀዋለች» ያላት ልጅ አላውቅም ማለት አፍራ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ስንት ጊዜ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

የወንድሜ ድምፅ ቀጠለ። ቦታው ሙቀት እንደሆነ፣ ከመኪና ዕቃ ያወርድ እንደነበር፣ ጥሩ ጓደኞች እንዳሉት፣ አላህ እንዳልረሳው ተናገረ። ከዚያ ትንሽ ትንፋሹን ሰብሰብ አድርጎ «እና… ያው እንደምታዩኝ ነው» አለ።

ከዚያ ዝም። ረጅም ዝምታ ነበር። ከኋላው ቬንትሌተር ይሰማል፤ አንድ ከባድ መኪና ፍሬኑን እያስተነፈሰ ያልፋል። ሲዲው የቆመ መስሎኝ ልነካው ስል ድምፁ ተመለሰ።

«አባዬ፣ እንዲህ ሆኜ ብመጣ ትቀበለኛለህ? እሺ ካልክ እመጣለሁ። ካላልክም አልቀየምህም።»

አለቀ።

«እንደምታዩኝ ይላል እኮ» አለች እናቴ። «ምኑን ነው የምናየው?»

«የአነጋገር ልማድ ነው እማዬ፤ ሰው በስልክም ይላል» አልኳት። አመነችኝ። የተማርኩት እኔ ነኛ!

በዚያ ቀንና በማግስቱ ስንት ጊዜ እንዳስከፈተችኝ አላውቅም። ዝምታው ጋ ስንደርስ ሁልጊዜ እጇን ደረቷ ላይ ታደርግና «እዚህ ጋ እያለቀሰ ነው» ትላለች። አባቴ አንድም ጊዜ ወደ እኛ አልመጣም። ግን «ትቀበለኛለህ?» የሚለው ጋ ስንደርስ የእግሩ ድምፅ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሲሄድ እሰማው ነበር።

«ልጁ እኮ ጠየቀህ» ትለዋለች እናቴ። «መልስ አይሰጠውም?»

እሱ ክር በጥርሱ ይበጥሳል።

ማክሰኞ ጠዋት ሾፌሩ መጣ። እናቴ ሻይ ቀዳችለት። «ሲዲውን አያችሁት?» አለ፤ አባቴን ነው የጠየቀው።

«አይተነዋል» አለ አባቴ።

«እና… ምን ልበለው ጋሼ?»

አባቴ መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ከውጭ የኩሊዎቹ «ኧረ ዞር በል!» ይሰማል።

«ሙሉ ሰው ሆኖ ይምጣ በለው» አለ።

ይህን አባባል እኛ እናውቀዋለን። አባቴ አፍ ላይ ሙሉ ሰው ማለት ያጠፋውን አጥፍቻለሁ የሚል፣ የማይሸሽ፣ በሩን በቀን ከፍቶ የሚገባ ማለት ነው። ለማጅ ሲቀጥርም ይላል፤ እኔንም ብሎኛል። እናቴ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ «እሺ ማለቱ ነው! ይምጣ አለ እኮ!» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ እየሳቀች።

ሾፌሩ ግን አልሳቀም። አባቴን ትክ ብሎ አየው። እንደዚያ ያለ አስተያየት አይቼ አላውቅም፤ የተተፋበት ሰው ይመስል ነበር።

«ልክ እንደዚሁ ልበለው?»

«ልክ እንደዚሁ።»

«ሙሉ ሰው ሆኖ?»

«አልሰማህም እንዴ ልጄ? ሙሉ ሰው ሆኖ ይምጣ።»

ሾፌሩ ሻዩን ሳይነካ ተነስቶ ወጣ። እናቴ «ቸኩሎ ነው» አለች።

ረቡዕ ዕለት እረፍት አጣሁ። ያ የሾፌሩ ፊትና ያ የዘጋሁት የእንግሊዝኛ መልእክት ከአእምሮዬ አልወጣ አሉኝ። ወረቀት ልገዛ ብዬ ወደ ሶማሌ ተራ ሄድኩ፤ ማሽኗን የሸጠልን ቴክኒሺያን ጋ። በተፈታቱ ኮምፒውተሮች መሐል ተቀምጦ ብረት እየበየደ ነበር፤ የቀለጠ ቆርቆሮ ሽታ ጉሮሮ ይቆርጣል። መስኮቱ ጥቁር ሆኖ፣ የጎደለ ነገር አለ የሚል መልእክት እያሳየ ድምፅ ብቻ እንደምሰማ ነገርኩት።

«ይሄማ ቀላል ነው እህት» አለኝ ቀና ሳይል። «ማሽኗ ላይ ያለው ማጫወቻ የድሮ ነው፤ ምስሉ የተቀዳበትን ዓይነት አያውቀውም። ድምፁን ያውቀዋል፣ ምስሉን አያውቀውም። ሌላ ፕሌየር ጫኚባት፣ አለቀ።»

«ምስል አለው ማለት ነው?»

ያኔ ቀና አለ። «ቪዲዮ ነው እኮ! ምስል ከሌለው ምን ሊባል ነው?»

አንድ የተከፈተ የኮምፒውተር ቀፎ ላይ ተቀመጥኩ።

የሰጠኝን ሲዲ ይዤ ተመለስኩ። ፕሮግራሙ ግን ለማሽኗ አዲስ ሆነባት፤ አልቀበልም አለች። ሐሙስ ጠዋት እንደገና ሄድኩ፤ ከመሳቢያው ታች ፈልጎ የቆየውን አወጣልኝ። እሱን ደግሞ ስጭን ቦታ የለኝም አለችኝ። የነጋዴዎቹን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ ወደ ፍሎፒ እየገለበጥኩ ከማሽኗ አጠፋሁ። ከሰዓት እስኪመሽ ይህን ሳደርግ ዋልኩ። ለወላጆቼ ያልኳቸው «ምናልባት ምስል ሳይኖረው አይቀርም» ብቻ ነው። ምናልባት!

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አባቴ የሱቁን በር ገርበብ አደረገው። መንገዱ ገና በሰጋጁ ሕዝብ ተሞልቶ ነበር። እናቴ ንጹሕ ሻሽ አስራ፣ ፊቷን ታጥባ መጣች፤ እሱ የሚያያት ይመስል። አባቴ በልማዱ ወደ ስፌት መኪናው ሄዶ ተቀመጠ፤ ወንበሩን ግን ወደ እኛ አዙሮት ነበር። ፕሮግራሙን ጫንኩት። አረንጓዴዋ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ እየተሳበች ሞላች። ማሽኗ ጠፍታ ተነሳች። ሲዲውን ከፈትኩት።

ወንድሜ ወጣ።

ከስቷል፤ ጠቁሯል፤ ጢም አብቅሏል። ሽርጥ ታጥቆ ከአንድ የጭቃ ግድግዳ ፊት ተቀምጧል፤ በዚያ ሙቀት ትከሻው ላይ ፎጣ ደርቧል። «ልጄ!» ብላ እናቴ መስታወቱን በመዳፏ ነካችው፤ ኤሌክትሪኩ ጠሽ ጠሽ አለ። ማሽኗ አርጅታ ስለነበር ምስሉን ከድምፁ እኩል ማስኬድ አልቻለችም። ድምፁ ቀድሞ ይሄዳል፤ አፉ ዘግይቶ ይንቀሳቀሳል። «ያው እንደምታዩኝ ነው» የሚለውን ስንሰማ ፊቱ ገና ስለ ሙቀቱ እያወራ ነበር። ዝምታውም መጥቶ አለፈ። «አባዬ፣ እንዲህ ሆኜ ብመጣ ትቀበለኛለህ?» አለ ድምፁ፤ ያን ጊዜ ነው ምስሉ ዝምታው ጋ የደረሰው።

ግራ እጁ ወጣ። የፎጣውን ጫፍ ያዘ። ወደ እኛ፣ ፊት ለፊት እያየ፣ ቀስ ብሎ ገፈፈው።

ቀኝ እጁ የለም። ከክርኑ በላይ ያበቃል። የሸሚዙ እጅጌ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

አላለቀሰም። እናቴ ያን ሁሉ ቀን እያለቀሰ ነው ስትል አላለቀሰም ነበር። እያሳየን ነበር። እንድናየው ጊዜ እየሰጠን ነበር።

እናቴ አልጮኸችም። የራሷን ቀኝ ክንድ በግራ እጇ ጨምድዳ ያዘች፤ አለቀቀችውም፤ በማግስቱ የጣቶቿ ምልክት በልዞ አየሁት። ወንድሜ ለምን ደብዳቤ እንዳልጻፈ ገባኝ። ሾፌሩ ለምን ሻዩን እንዳልነካ ገባኝ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ በአንድ ጊዜ እንደዚያ ሲገባሽ እውቀት አይመስልም፤ እንደ ድንጋይ ነው የሚመታሽ።

አባቴ ቆሞ ነበር። መቼ እንደተነሳ አላየሁትም።

«ምን ብዬ ነው የላክሁበት?» አለ።

ወደ ማሽኗ አንድ እርምጃ ጠጋ አለ።

«እኔ ምን ብዬ ነው የላክሁበት? ሙሉ… ሙሉ ምን ብዬ ነው?»

መነጽሩን ፍለጋ ግንባሩን ዳበሰ፤ ዓይኑ ላይ እንደነበር ረስቶታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ይህ ነገር ቅዳሜም ነበረው?»

«ነበረው።»

«ድምፅ ብቻ ነው አላልሽም?»

«አላወቅኩበትም አባዬ። አላወቅኩበትም ማለት አፈርኩ።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን «እኔ ነኝ ታውቃለች እያልኩ የፎከርኩት» አለ። ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ አንስቶብኝ አያውቅም።

በማግስቱ ንጋት ላይ ወደ አትክልት ተራ ሄደ። ቲማቲምና ሽንኩርት አራግፈው ወደ አዋሽ ባዶ የሚመለሱ መኪናዎች ነበሩ፤ እስከዚያ በአንዱ፣ ከዚያ ወዲያ በሌላ እሄዳለሁ አለ። በእግሩ የሸራ ጫማ፣ በእጁ አንድ ፌስታል። ከአገሩ መርካቶ ከገባ ጀምሮ ከናዝሬት አልፎ አያውቅም። አንዱ ሾፌር ከፍ አድርጎ ጋቢና ውስጥ ሲያስገባው ምን ያህል እንዳረጀ ያኔ አየሁ።

ዘጠኝ ቀን ቆየ። እናቴ ኮምፒውተሯን ክፈቺልኝ አላለችም፤ እኔም ጥቁሩን ጨርቅ አላነሳሁም። በአሥረኛው ቀን አሥር ሰዓት ገደማ ሁለቱም መጡ። አባቴ ከፊት፣ ወንድሜ ብዙ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ። እናቴ መንገድ ላይ ሮጣ ወደቀችበት። እኔን በግራ እጁ ጨበጠኝ፤ ሻካራ ነበር፤ ያልለመድኩት እጅ ነበር።

ከአባቴ ጋር ግን አይነጋገርም። «ውሃ ላፍስስልህ?» ሲለው «አይ፣ እችላለሁ።» «ብላ እንጂ» ሲለው «በላሁ።» የመጣው ለእናቱ ሲል እንደሆነ ማንም ሳይነግረን ገባን። በሦስተኛው ቀን ሱቅ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንሆን አባቴን ለምን እንደማያናግረው ጠየቅሁት።

«ሾፌሩ አንድ ቃል አልጨመረም፣ አልቀነሰም» አለኝ። «ሙሉ ሰው ሆኖ ይምጣ። አባዬ አይቶኝ እኮ ነው! እጄን ካየ በኋላ።»

«አላየህም።»

«እሱም መንገዱን ሙሉ እንደዚያ ነው ያለኝ። ድምፅህን ብቻ ነው የሰማሁት ይላል። ካሜራ ፊት ተቀምጬ የተቀረጽኩትን? ሽማግሌ ነው፤ ተፀፅቷል፤ ለማስታረቂያ የፈጠረው ነው ብዬ ዝም አልኩ። አንቺ ግን አትዋሺኝ።»

ምን ብዬ ላሳምነው? ጥቁሩን ጨርቅ ገፈፍኩና ማሽኗን አስነሳሁ። ያን ሁሉ ደክሜ የጫንኩትን ፕሮግራም እሱ እያየ አጠፋሁት። «እርግጠኛ ነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ ማሽኗ፤ አዎ አልኩ። እንደገና አስነስቼ ሲዲውን ከተትኩና ተነስቼ በእኔ ወንበር አስቀመጥኩት።

መስኮቱ ጥቁር ሆኖ ተከፈተ። «አሰላሙ ዐለይኩም» አለ የራሱ ድምፅ።

ወንድሜ አንገቱን አሰገገ። ምስሉ እስኪመጣ ጠበቀ። አልመጣም። «ያው እንደምታዩኝ ነው» ሲል ጥቁሩ መስታወት ላይ የሚታየው የራሱ ጥላ ብቻ ነበር። ከዚያ ዝምታው፤ ቬንትሌተሩ፤ የመኪናው ፍሬን።

«እዚህ ጋ…» አለ።

«እማዬ እያለቀሰ ነው ትል ነበር» አልኩት።

«እዚህ ጋ እያሳየሁ ነው።» መስታወቱን በጣቱ ነካ። «ሦስት ጊዜ ነው ያስቀረጽኩት። ፎጣውን ለማንሳት ጉልበት እያጣሁ ሦስት ጊዜ።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት፤ የዘጋሁትን መልእክት፣ ያልኩትን ውሸት፣ ለምን እንዳልኩት። እያለቀስኩ ነው የነገርኩት። ጥቁሩን መስታወት እያየ ሰማኝ።

«አፍረሽ ነው?» አለኝ ስጨርስ።

«አፍሬ ነው።»

«ከመኪና ሳወርድ ብረት እጄ ላይ የወደቀው ከአራት ወር በፊት ነው» አለ። «ከዚያ በፊት ሁለት እጅ ነበረኝ። ያኔም አልጻፍኩም።»

አባቴ ከዐሥር ሶላት ሲመለስ ሁለታችንም እዚያው ነበርን። ከፊታችን ምን እንዳነበበ አላውቅም። ኮቱን ሰቀለ። ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ሰማያዊ ሱፍ አወረደ፤ ለደንበኛ የማያወጣው ዓይነት ጥሩ ሱፍ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ አደረገ።

«ና እስቲ ቁም» አለው።

ወንድሜ ተነስቶ ቆመ። አባቴ ትከሻውን ለካ፤ ደረቱን ለካ፤ ወገቡን ለካ። እያንዳንዱን እየጠራ «ጻፊ» ይለኛል፤ እጽፋለሁ። ግራ እጅጌውን ለካ። ከዚያ ዞሮ በቀኙ በኩል መጣ። ሜትሩን ከትከሻው ጫፍ አንስቶ በቀስታ ወደ ታች አወረደው፤ ክንዱ እስከሚያበቃበት ድረስ። እዚያ በአውራ ጣቱ ያዘው።

«ጠበቅ እንዳይልብኝ፣ አባዬ» አለ ወንድሜ።

«ለማን ነው የምትነግረው?» አለ አባቴ።

ቁጥሩን እንደሌሎቹ ሁሉ ድምፁን ሳይቀንስ ጠራው። ጻፍኩት።